የጋሊት ጎጆ

ባለፈው ሰሞን ከሥራ ስመለስ ፔታህ ቲክቫ መሀል ከተማ፣ አንድ መጻሕፍት ቤት መስኮት ላይ ጋሊትን አየኋት። ያው የድሮዋ ናት፤ ፊቷን እስከ አንገቷ በሰማያዊ ጭምብል ሸፍና፣ ለሌላው ገላዋ ግን ጨርቅ ያለቀባት ይመስል እንደ ነገሩ ሆና፣ ማዕበል ላይ ቆማለች። ልጆች ሳለን በወር አንዴ እየወጣች፣ ገጿ እየተገነጠለ ከእጅ ወደ እጅ ትዞር የነበረችው ባለሥዕል ታሪክ፣ አሁን ሁሉም ክፍሎቿ በአንድ ተጠርዘው ጠንካራ ሽፋን ለብሳለች። ገብቼ አነሣኋትና፣ ሻጩ እያየኝ መሆኑን ረስቼ፣ ከፍቼ አሸተትኋት። የአዲስ ቀለምና የሙጫ ሽታ ነው ያላት፤ ከዚያ ሥር ግን ሌላ ሽታ መጣብኝ፤ የሰፈራችን የአሚሻቭ፣ የቤታችን በረንዳ ሽታ፣ ያልደረቀ ልብስ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ እናቴ ጸጉሯን የምትቀባው ቅቤ። ከሽታው ጋር ደግሞ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተውሁት የመሰለኝ ቅናት እንደ ቃር ጉሮሮዬ ላይ ወጣ። የመጽሐፉን መቅድም የጻፈችው ዝናሽ ናታ!

ዝናሽ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖር እኩያዬ ነበረች። እኛ ወደ እስራኤል የመጣነው ቀደም ብለን በሱዳን በኩል ነው፤ እኔ ገና ጡት ያልጣልሁ ሕፃን፣ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ። የእነ ዝናሽ ቤተሰብ የመጣው ግን ዘግይቶ፣ ከጎንደር አዲስ አበባ ወርዶ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ነው፤ እሷም ያኔ ነፍስ ያወቀች፣ አማርኛውን የጠገበች ልጅ ነበረች። ልዩነታችን ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እኔ የቤት ስሜ አንጓች ሆኖ ሳለ ትምህርት ቤት ውስጥ ኢላና የምባል፣ ዕብራይስጥ የማንበለብል፣ እናቴ በአማርኛ ስትጠራኝ በዕብራይስጥ አቤት የምል ልጅ ነበርሁ። አማርኛው ይገባኛል፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ይሰባበርና እንግዳ ሁሉ ይስቅብኛል፤ ስለዚህ እርግፍ አድርጌ ተውሁት። እናቴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ስታጸዳ ውላ ይዛው የምትመጣው ዕብራይስጥ ሰላምታና "በሰደር"፣ እሺ ማለት፣ ብቻ ነበር። በዚህ ምን ተብሎ ይጫወቱበታል? ተነሺ፣ ብይ፣ በሩን ዝጊ እየተባባልን እናትና ልጅ ሆነን ኖርን።

ጋሊትን ወደ ሰፈራችን ያመጣት የዝናሽ ታላቅ ወንድም ነው። ከጦር ሰፈሩ ለሰንበት ሲመጣ፣ ወታደሮቹ አንብበው የጣሏቸውን ክፍሎች ከቆሻሻ ልብሱ ጋር አብሮ በሻንጣው ያመጣልን ነበር። በክፍላችን ያሉ ወንዶች ጋሊትን የሚያነቧት ከአንገቷ በታች ነው፤ የትኛው ገጽ ላይ ምን እንደሚታይ በቃላቸው ያውቁታል፣ ታሪኩን ብትጠይቋቸው ግን አንዱም አይነግራችሁም። ሴቶቹ ደግሞ ገላዋ በወረቀቱ ነጭ ስለ ተተወ ብቻ እንደ እነሱ ነጭ ናት ብለው ለራሳቸው ወስደዋት ነበር። ልጆች ሁሉ ሌላ ሰው መስለው በሚለብሱበት በፑሪም በዓል ጋሊትን ልሁን ብዬ ጭምብል ባደርግ፣ አንቺ ሌላ ነገር ሁኚ አሉኝ። እኔም እቤት ገብቼ፣ አልጋ ላይ ተዘርግቼ፣ ከአፏ በሚወጣው በየፊኛው ውስጥ የተጻፈላትን ቃል አንድም ሳላስቀር በማንበብ ተበቀልኋቸው፤ ጋሊት ማን እንደ ሆነች በትክክል የማውቅ እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

አንባቢዎቿን ሁሉ የሚያከራክር አንድ ነገር ነበር። ጋሊት በየክፍሉ መካከል፣ ጦርነቱ በጋለበት ሰዓት ድንገት ትጠፋና፣ ባሕር ዳር አለት ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትቀመጣለች። ቤቷ ዙሪያዋን በድንጋይ የተከበበች ናት። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ምግብ አምጥቶ ከድንጋዩ ወዲህ ያስቀምጥና፣ አንድ ቃል ሳይናገራት ይመለሳል። ቀኗ ሲሞላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባሕር ወርዳ ትነከርና፣ ከዚያ ወጥታ ጠላቶቿን ሁሉ ድራሻቸውን ታጠፋለች። ወንዶቹ ውሽማ ደብቃ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ የጦር መሣሪያ ማከማቻ ነው ይላሉ። በጽሑፉ የተባለው ግን ባሕሩ ኃይሏን እስኪመልስላት ትጠብቃለች ነበር፤ እኔም ይህንኑ ለሰማም ላልሰማም እናገር ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናሽ አዲሱን ክፍል ይዛ ወረደች፤ እናቴ በረንዳ ላይ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ዝናሽ ዕብራይስጡን ማንበብ ገና አትችልም ነበር፤ ሥዕሉን ብቻ እየገለጠች ስታይ እናቴ በትከሻዋ ላይ አጎነበሰችና አንዱ ገጽ ላይ ዓይኗ ቀረ። ሠዓሊው ጋሊትን ስትዋጋ ሲሥላት፣ ደረቷም ቂጧም ባንድ ጊዜ ወደ አንባቢው እንዲዞር አድርጎ ጠምዝዟት ነበር።

"ምነው ይህች ልጅ፣ ወገቧን ሰብረዋት ነው?" አለች እናቴ።

"ኧረ እትዬ ትብለጥ፣ እየተዋጋች ነው።"

"እንዲህ ተጣማ? ዞራ አታያቸውም ወይ? ደግሞ በዚህ ብርድ ልብሷን ማን ወሰደባት?"

ዝናሽ ሳቋን መያዝ አቅቷት ገጹን ገለበጠች፤ የባሕር ዳሯ ቤት መጣች። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ የተደረደሩትን ድንጋዮች አንድ በአንድ በጣቷ ነካካቻቸው፤ ከዚያ ወደ ምግቡ፣ ከዚያም ፊቱን አዙሮ ወደሚሄደው ሽማግሌ ሄደች።

"ጎጆ አላት" አለች ቀስ ብላ። "አየሽ፣ ድንጋዩን ደርድረውላታል። ምግቧን ከወዲህ ያኖርላታል፤ አይነካት፣ አትነካው። ይኸው ደግሞ ፀሐይ ስትገባ ውሃ ወረደች። መርገም ላይ ናት እኮ ልጄ! ሕግ የምታውቅ ናት።"

በአገራችን፣ በቤተ እስራኤል መንደር፣ ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ከቤቷ ወጥታ፣ ዙሪያው በድንጋይ በተከለለ የመርገም ጎጆ ትቀመጥ ነበር፤ ምግቧን ከድንጋዩ ማዶ ያኖሩላታል፤ ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ወንዝ ወርዳ ታጥባ ፀሐይ ስትጠልቅ ትመለሳለች። እኔ ይህን የሰማሁት ያን ዕለት ነው፤ ያውም ለዝናሽ ሲነገር። አሚሻቭ ውስጥ ጎጆ ከየት ይመጣል? ስለዚህ እናቴ በየወሩ በእነዚያ ቀናት በረንዳው ላይ ፍራሽ ዘርግታ፣ በብቻዋ ሳህን እየበላች ትሰነብት ነበር፤ አባቴም ምግቧን በረንዳው ደፍ ላይ አኑሮላት ዘወር ይላል። ክረምት ላይ ዝናቡ በዘንግ ሲመጣባት ፕላስቲክ ትደርባለች። እኔ ታማለች ነው የተባልሁት፤ ጎረቤት ሁሉ ከታች ቀና እያለ ሲያያት ሐፍረቱ እኔን ይገድለኝ ነበር። እሷ ግን ያን ሥዕል ስታይ የተናገረችው የሐፍረት ነገር አልነበረም። "እሷስ ታድላ" አለች፤ "ጎጆዋን ማንም አልወሰደባት።" እናቴ በወረቀት ላይ ባለች ሴት ስትቀና ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እኔ ደግሞ አላስችል አለኝ። ብድግ ብዬ፣ በዕብራይስጥ፣ እንዲህ ተብሎ አልተጻፈም፣ እዚህ ፊኛው ውስጥ ያለውን እኔ አንብቤዋለሁ፣ ኃይሏን ነው የምትጠብቀው ብዬ ጮኽሁ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ዝናሽ ዞራ፣ "ምን አለች?" ብላ ጠየቀቻት። የገዛ ልጇን ነገር በጎረቤት ልጅ ታስተረጉማለች!

"ልክ ነዎት እያለች ነው፣ እትዬ ትብለጥ" አለች ዝናሽ፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ። እናቴ ደስ ብሏት ራሴን ዳበሰችኝና ወደ መጽሐፉ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ክፍል በመጣ ቁጥር ዝናሽ የምታንኳኳው እናቴን ብላ ነው። እኔ የሒሳብ ደብተሬን ከፍቼ፣ የበረንዳውን በር ገርበብ አድርጌ፣ ጆሮዬን አቁሜ እቀመጣለሁ። ሁለቱም ፊደሉን አያነቡም፤ ግን እኔ ካነበብሁት የበለጠ ታሪክ ያወጣሉ። ዓሣ አጥማጁ በእነሱ ዘንድ ባልዋ ሆነ፤ "ሰው ማለት እንዲህ ነው፣ አምጥቶ አኑሮ ዝም" ትለው ነበር እናቴ። የጋሊት ባላንጣ የሆነችው ጥፍራሟ ሴት ደግሞ ከአንዲት የባሏ እኅት ጋር ተመሳሰለችባትና፣ በወጣች ቁጥር ሁለቱ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። እናቴ እንዲህ መሳቅ እንደምትችል አላውቅም ነበር። ስትስቅ የዝናሽን ጉልበት መታ ታደርጋለች፤ አንዳንዴም ጨዋታው ሳይቋረጥ ሹሩባዋን ትፈታትና እንደገና ትሠራታለች። የእኔ ጸጉር የጎረምሳ የሚመስል አጭር ቁርጥ ነበር፤ እኔው ራሴ ነኝ ቁረጡኝ ያልሁት። እንዲያም ሆኖ ቀናሁ፤ በዝናሽ ቀናሁ፣ በአፏ ቀናሁ፣ እናቴን ባሳቀችልኝ በዚያች ባለ ጭምብል ሴት ሳይቀር ቀናሁ።

ዝናሽ ተማረች፣ ራማት ቬርበር በሚባለው ሰፈር ቤት ገዛች፣ በባለሥዕል መጻሕፍት ሴቶች እንዴት እንደሚሣሉ የምታስተምርና የምትጽፍ ሰው ሆነች። የጎጆው ነገር የታወቀው በእሷ ነው። ዛሬ የጋሊት ወዳጆች ሲሰባሰቡ ሴቶቹ ሰማያዊ ጭምብል አድርገው ዙሪያቸውን ድንጋይ ይደረድራሉ፤ ብቻዋን መቀመጧ ኃይሏ እንጂ ቅጣቷ አይደለም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሠዓሊው ያላሰበውን ከየት አመጣችሁት ብለው ይጨቃጨቋቸዋል። እኔ ታዲያ በልቤ ከጨቅጫቆቹ ጋር ነበርሁ። በመቅድሙ ላይ ዝናሽ የጻፈችው "ይህን ያስተማረችኝ በሰፈራችን የነበረች አንዲት እናት ናት" ብላ ነው። አንዲት እናት! ዓርብ ዕለት በጎረቤት ከተማ በጊቫት ሽሙኤል ባለ አዳራሽ ስለ መጽሐፉ እንደምትናገር ሰማሁና፣ ተነሥቼ ያቺ እናት የእኔ ናት ልል ሄድሁ።

ዝናሽ ተናገረች፤ ሰው ወደዳት። አንዲት ወጣት እጇን አውጥታ፣ "ታዲያ ስሕተት ነው ማለት ነው?" ስትላት፣ "አዎ፣ ስሕተት ነው፤ እኔ ግን ያደግሁበት ስሕተት ነው" አለችና አዳራሹን አሳቀችው። እኔ ግን አልተነሣሁም። ሲያልቅ ግን ከሰው መሀል ለይታ አየችኝና አቅፋ ሳመችኝ፤ "ያላ፣ እንሂድ፣ ሰንበት ሳይገባ ላድርስሽ" ብላ መኪናዋ ውስጥ አስገባችኝ።

መንገድ ላይ በአማርኛ ተናገርኋት። አማርኛዬ ተመልሷል፤ እናቴ ካረፈች በኋላ፣ የሌላ ሰው እናቶችን በየቤታቸው እያጠብሁና እያበላሁ ከእነሱ ተማርሁት። ለእሷ ሳይደርስላት ቀረ።

"ያቺ አንዲት እናት ያልሻት ስም አላት" አልኋት።

ዝናሽ ደንግጣ አየችኝ። "ስሟን ሳላስፈቅድሽ ማውጣት ፈርቼ ነው፣ አንጓች። ያንቺ ናት'ኮ።"

"ምኑ ነው የእኔ? ያላትን ሁሉ የነገረችው ለአንቺ።"

አሚሻቭ ደርሰን ከሕንፃችን ሥር መኪናዋን ካቆመች በኋላ፣ እጇን ከመሪው ሳታነሣ ነው የነገረችኝ። አንድ ቀን እናቴ የባሕር ዳሯን ቤት እያየች ድንገት ስለ እኔ መወለድ አውርታላት ነበር።

"'አንጓች ስትወለድ በአራስ ጎጆ ነው የተቀመጥነው' አሉኝ። 'ለወንድ አርባ ቀን ነው፣ ለሴት ሰማንያ። ወንድ ብትሆን ቶሎ ያስወጡን ነበር። አባቷ አልነካት፣ አያቷ አልወሰደችብኝ፣ እርሻ የለ፣ ውሃ መቅዳት የለ፤ እያየኋት እውላለሁ፣ እያየችኝ ትውላለች። ያን የመሰለ ጊዜ ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ስንወጣ እንደ ወጉ ጎጆዋን አቃጠሏት፤ እኔ አለቀስሁ፣ ሴቶቹ የደስታ መስሏቸው እልል አሉ' አሉኝ።"

ከመኪናዋ ወርጄ ደረጃውን ወጣሁ። ሰው ሁሉ ሰንበቱን ለመቀበል ይሯሯጣል፤ እኔ ልብሴን እንኳ ሳልለውጥ ወንበር ላይ ቁጭ አልሁ። በዝናሽ መቅናቱ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጠፋልኝ፤ ሌላ የምቀናበት ሰው አገኘሁ። ያቺ ድሮ የነበርኋት ሕፃን እናቴን ከነሙሉ ቀኗ፣ ከነሙሉ ዓይኗ ለብቻዋ አግኝታ፣ ዕብራይስጥ አማርኛ ሳይሉ ሁለቱ ሲተያዩ ሰንብተዋል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የፊቷን ጥላ፣ የድምፅዋን ቃና፣ አንዲት ትንሽ ነገር እንኳ አላስቀረችልኝም። በዚያች ሕፃን ቀናሁባት፤ በሰው እንዲህ ቀንቼ አላውቅም።