ከቀኝ የሚጀመር ሒሳብ

ከጭልጋ የወጣሁ ለት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ አባቴ ስንቅ ይቋጥርልኛል ብዬ ስጠብቅ የሒሳብ ደብተሩን አምጥቶ ከልብሴ መሀል ወሸቀው። አስተማሪ ነው፤ ሌላ ምን ይሰጠኛል? «መልሱን መልሰሽ ሳትተኪ ከወንበርሽ እንዳትነሺ» አለኝ። ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ከርሟል፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሱቅ ያላት አክስቴ ዘይነባ «ላኳት፣ እዚህ ትማር» ስላለች ነው የምሄደው።

መተማ ላይ ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ ገላባት ገባሁ፤ ከዚያ በሎሪ ገዳሪፍ። ሙቀቱን አልነግራችሁም፤ እኛ ዘንድ ፀሐይ ታሞቃለች፣ እዚህ ታበስላለች። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸውም ከመሳሳቱ የተነሳ አፍ ሳይደርስ ያልቃል። ይህን ሁሉ ለመድኩት። ቁርኣን ስለቀራሁ ጽሑፋቸው ከቀኝ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ቁጥሮቻቸውንም አክስቴ በሳምንት አስጠናችኝ። ሃያ አንድ ሲጽፉ ግን እንደኛው ሁለቷን በግራ ያስቀምጣሉ። እንግዲያው ሒሳብ እዚህም ከግራ ነው የሚነበበው ብዬ ደመደምኩ።

አክስቴ ትምህርት ቤቱ ወሰደችኝ፤ ርዕሰ መምህሩን ሙዲር ይሏቸዋል። አንድ ጥያቄ ሰጡኝ፤ ከሠራሁት ሁለተኛ ደረጃ እገባለሁ፣ ካልሠራሁት ሰባተኛ ክፍል ከሕፃናት ጋር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ሰባተኛ ከምቀመጥ ሱቅ ውስጥ እንደምቀር አክስቴም እኔም እናውቃለን።

ወረቀቱን ከግራ አነበብኩት፦ ሦስት እኩል ይሆናል ስምንት ሲቀነስ ሲን። ሲን ፊደላቸው ናት፣ የእኛዋ ኤክስ። በሁለቱም በኩል ሲንን ደመርኩ፤ ሦስት ሲደመር ሲን ስምንት ሆነ። ከሁለቱም ሦስት ቀነስኩ፤ ሲን አምስት። አባቴ እንዳለኝ መልሼ ተካሁ፤ ከስምንት አምስት ሲቀነስ ሦስት። ኮራሁ።

ሙዲሩ በቀይ ሰረዙት።

«ከአምስት ስምንት ተቀንሶ ሦስት የሚተርፈው በየትኛው አገር ነው?» አሉ። አክስቴ እየተሳቀቀች ተረጎመችልኝ።

እንባዬ መጣ፤ ነገሩ ግን ከነከነኝ። እኔ አምስትን ከስምንት ነው የቀነስኩት፤ እሳቸው ስምንትን ከአምስት ለምን ይቀንሳሉ? ጥያቄውን በጣታቸው ሲከተሉ አየሁ። ጣታቸው የተነሳው ከቀኝ ነው፣ ከሲን። ለካ ቁጥሩ ብቻ ነው ከግራ የሚጻፈው፤ ሒሳቡ የሚሄደው ከቀኝ ነው።

«አንዴ ደግሜ ልሥራው በያቸው» አልኳት። ሲን ሲቀነስ ስምንት እኩል ይሆናል ሦስት። በሁለቱም በኩል ስምንት ደመርኩ፤ ሲን አሥራ አንድ። ተካሁ፤ ከአሥራ አንድ ስምንት ሲቀነስ ሦስት። ከዚያ ጣቴን ከግራ አስነስቼ የመጀመሪያውንም አሳየኋቸው። ሁለቱን መልሶች አስተያዩ። ቀዩን ሰረዝ በአውራ ጣታቸው ሊያጠፉት ሞከሩ፤ አልጠፋም።

«ኸላስ፣ በቃ፣ እሁድ ክፍል ትግባ» አሉ፤ እዚህ የትምህርት ሳምንት የሚጀምረው እሁድ ነው።

ለአባቴ ደወልኩና ጥያቄውን ከግራ አነበብኩለት። ወዲያው «አምስት» አለ። ከቀኝ አነበብኩለት። ቆየት ብሎ «አሥራ አንድ» አለና እንደ ልጅ ሳቀ። «ሁለቱንም ያዢ፤ የእኛን እንዳትረሺው ብቻ» አለኝ።

ከዚያ ድምፁ ቀነስ አለና መቼ እንደምመጣ ጠየቀኝ። ደብተሩ ጭኔ ላይ ነበር። ናፍቆኛል፤ ግን ይህንን ከየትኛው በኩል እንደምጀምረው ጠፋኝ።

«እሁድ ትምህርት እጀምራለሁ፣ አባ» ብቻ አልኩት።