ከኋላ የሚታሰር መቀነት

ጄኔቫ፣ ኦ ቪቭ ሰፈር ውስጥ ልብስ ስፌት ስማር ኪሞኖ የሚባለውን የአገራቸውን ቀሚስ ለማስጠገን የሚመጡ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ነበሩ። በወጣትነታቸው ጌይሻ ነበሩ። ቃሉን መጀመሪያ ስሰማ ከፋ ውስጥ ያለውን ጌሻ ያሉ መስሎኝ «አገሬን ያውቁታል እንዴ?» ብያቸው ብዙ ስቀናል።

ስለ ሥራቸው የነገሩኝ እኔ እየሰፋሁ ነው። ባለ ሦስት ክሩን የሙዚቃ መሣሪያ መጫወት፣ ጭፈራ፣ ዘፈን፣ እንግዳ ማጫወት፣ የመጠጥ አቀዳድ እንኳ ሳይቀር ለዓመታት ተምረዋል።

«ሰው ገላችንን የምንሸጥ ይመስለዋል» አሉኝ። «የምንሸጠው ሙያችንን ነው።» ሰፊውን መቀነት እያሳዩኝም «ይሄ የሚታሰረው ከኋላ ነው። ድሮ ከፊት ያስሩ የነበሩት ገላቸውን የሚሸጡት ናቸው» አሉኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ የሚባለው የጭፈራ ቤቶች ጎዳና አጠገብ ባለ ስፌት ቤት ተቀጠርኩ። አንድ ቀን የመጠጥ ቤት ባለቤት መጥቶ ለአስተናጋጆቹ ስምንት «የጌይሻ» ልብስ አዘዘ። ከጉልበት በጣም ከፍ ያለ፣ መቀነቱ ከፊት የሚታሰር።

«ከፊት የሚያስሩት ጌይሻዎች አልነበሩም» አልኩት።

«ታዲያ እነማን ነበሩ?»

ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እሱኑ ነው የምፈልገው!»

ቢሆንም የመጀመሪያውን ሰፋሁ። ይህን አልደብቅም።

ለልክ ከአስተናጋጆቹ አንዷን ወጣት ይዞ መጣ። ሐበሻ ናት። ልብሱን ከለበሰች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ «እህቴ፣ ትንሽ ልታስረዝሚልኝ ትችያለሽ?» አለችኝ። ጠርዙን ልፈታ ሳጎነብስ ሰውየው ከኋላዋ መጥቶ ኮሌታውን ወደ ታች ጎተተው።

«ጌይሻ ማጅራቷን ታሳያለች» አለ፣ ወፍራም ጣቱን ቆዳዋ ላይ እያንሸራሸረ። ልጅቷ ደርቃ ቀረች። ያለው ደግሞ እውነት ነው፤ አሮጊቷም ነግረውኛል። ከሁሉ ያስጠላኝ ያ ነበር፤ የእሳቸው ወግ ከእሱ አፍ ሲወጣ መስማት።

«እጅዎን ያንሱ» አልኩት።

አሠሪዬ ከማሽኗ ቀና ብላ «ደንበኛ ነው እኮ!» ብላ ተቆጣችኝ። ልጅቷን ወደ መጋረጃው ጀርባ ወስጄ የራሷን ልብስ አቀበልኳት።

«ልሂድ?» አለችኝ።

«ሂጂ፣ የኔ እህት።»

ማንንም ሳታይ ወጥታ ሄደች። የቀሩትን ሰባት አልሰፋም አልኩ። አሠሪዬ አኩርፋ ራሷ ሰፋቻቸው፤ እኔም በወሩ ሥራውን ለቀቅኩ።

እኔ የሰፋሁትን ያንን ልብስ ሌላ ሴት ለብሳ ስታስተናግድ በመጠጥ ቤቱ መስኮት አይቻለሁ። ስፌቱን ከሩቅ ለየሁት። ራሴን ተጸየፍኩት።