ለክርክር ብዬ የረታኋቸው ፕሮፌሰር

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁትም። በሰው ጥፋት ላይ ስንት ገጽ የጻፍኩ ሰው፣ የራሴ ላይ ስደርስ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

ላስ ቬጋስ ከመምጣቴ በፊት ጀርመን ነበርኩ። ከስደተኞች መጠለያ ወጥቼ የአንድ የሕግ ፕሮፌሰር ረዳት ሆንኩ። ፕሮፌሰሩ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት አባልም ነበሩ። ጥገኝነት ጠያቂ ከተመደበበት ወረዳ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ የሚከለክለውን ደንብ የሚሽር ረቂቅ አዘጋጁ። ሊያቀርቡት ሲሉ ጠሩኝ።

"እስቲ ተቃወመኝ። ካንተ ካለፈ ከማንም ያልፋል።"

ተቃወምኩ። በዚያው ደንብ ታስሬ የኖርኩት እኔ ተቃወምኩ። ከተናገርኩት አንዱንም አላመንኩበትም፤ መርታት ግን እወዳለሁ። ፊታቸው ሲለዋወጥ እያየሁ ለምን ዝም አላልኩም? ረቂቁን ተዉት። ምክር ቤት ቆመው የእኔን ክርክር ተናገሩ፣ ተጨበጨበላቸው፣ ብዙም ሳይቆይ የክፍለ ሀገሩ የፍትሕ ሚኒስትር ሆኑ።

አሳመንኳቸው? ወይስ ወንበሩን አይተው ሰበብ ሲፈልጉ አቀበልኳቸው? አንድ ቀን ሁሉም በእኔ የመጣ ይመስለኛል። በማግስቱ ደግሞ፣ ራሴን ይህን ያህል ማግዘፌስ ትዕቢት አይደል?

ሠናይት የምትባል የመጠለያ ጓደኛዬ ግን አለች። እኔ ከመጠለያው ስወጣ እሷ እዚያው ቀረች። ረቂቁ ከቀረ በኋላ ወንድሟ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ገባ። የጉዞ ፈቃድ ስትጠብቅ ሞተባት።

አሁን እሷም እዚሁ ላስ ቬጋስ ናት፤ ዳውንታውን ካዚኖ ትሠራለች። አንዳንዴ ከሺፍት ስትወጣ በመኪናዋ ሴንቴኒያል ሂልስ ቤቴ ድረስ ታደርሰኛለች። ባለፈው እሑድ እየነዳች፣

"ያ ፕሮፌሰርህ ጡረታ ወጣ አሉ። ሸለሙት" አለችኝ።

"ሰማሁ።"

"ለእኛ ቆሞ አልነበር እንዴ? አንተ አጠገቡ ነበርክ፣ ምን ነካው?"

"ፖለቲከኛ አይደል?"

ሳቀች። "አንተ ሰውዬ፣ ለሁሉም መጽሐፍ የሚያህል መልስ ነበረህ። ዛሬ አሞሃል?"

አላመመኝም። ዋሸኋት። የመጀመሪያው ጥፋቴ ግራ ቢያጋባኝም ይሄኛው አያጋባኝም።

ሠናይት አንድም ጽሑፌን ጨርሳ አታውቅም። "ስታረዝመው እንቅልፌ ይመጣል" ትላለች።

ሠናይት፣ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ የምለውን አውቅ ነበር። ይቅር በይኝ ለማለትም አፍ የለኝም። ይህን ያሳጠርኩት እንድትጨርሺው ነው።