የታጠበው ሎህና አንድ ሚሊዮን ሦስት

በ1992 ዓ.ም. ግንቦት ወር ጅግጅጋ ውስጥ የሒሳብ መምህሬ በመላው ክፍል ፊት እውነቱን ሐሰት ብለው፣ የአዲስ አበባ ውድድር ቦታዬን ለአንድ ባለሥልጣን ልጅ ሰጡ።

የቁርኣን ትምህርት የጀመርኩበት የእንጨት ሰሌዳ፣ ሎሄ፣ ዛሬ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አየሩ ሲረጥብ አሁንም ከሰልና ወተት ይሸታል፤ ቀለማችንን የምንበጠብጠው በእነርሱ ነበር።

መምህሩ ከደጋ ተመድበው የመጡ ነበሩ። ለውድድሩ የሚሄደው አንድ ተማሪ ብቻ ስለነበር አንድ ጥያቄ ሰጡን፦ 1000003 ብቸኛ ቁጥር ነው? ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም? ምክንያቱን ያሳየ ይሄዳል አሉ።

የቁጥሩ ካሬ ሥር ከአንድ ሺህ እምብዛም አይርቅም፤ ከሺህ በታች ባሉት 168 ብቸኛ ቁጥሮች መፈተን ይበቃል። ደብተር ለዚህ ማባከን በቤታችን አይታሰብም ነበር። እናቴ ከሀርሺን የሚመጣውን የግመል ወተት ልትሸጥ ስትወጣ እኔ በራፍ ላይ ተቀምጬ በሎሁ ላይ አካፍል ነበር። ሲሞላ እንደ ልማዳችን አጥቤ እንደገና እጽፋለሁ፤ የቁርኣን ጽሑፍ ሲሆን እጣቢውን ለበረከት እንጠጣው ነበር። ሰባት፣ ዐሥራ አንድና ዐሥራ ሦስት በአንድ ስሌት ወደቁ፤ የሦስቱ ብዜት 1001 ነው፣ ቁጥሩ ለእሱ ሲካፈል አራት ይተርፋል። ከ1000003 ወደ ታች እስከ 999983 ድረስ ሌላ ብቸኛ ቁጥር እንደሌለ ስደርስበት፣ ልጅ ነበርኩና አዘንኩለት።

ክፍል ውስጥ ብቸኛ ነው ስል ሥራዬን ጠየቁኝ። ሎሁ ላይ የቀረው የመጨረሻው ብቻ ነበር፤ ለ997 ሲካፈል 12 ይተርፋል።

«ሌላውስ?»

«አጥቤዋለሁ፣ ቲቸር።»

«እናንተ እጣቢውን ትጠጡ የለ? እንግዲህ ከሆድሽ አውጪው።»

ክፍሉ ሳቀ። ከሳቁት አብዛኞቹ እንደ እኔ ሎሃቸውን አጥበው ያደጉ ነበሩ።

የባለሥልጣኑ ልጅ ግን ለ101 ይካፈላል አለ። መምህሩ በጠመኔ አካፈሉ። 9901 ደረሰ፣ ከግርጌው ሁለት ተረፈ። ከፊት ወንበር አየሁት። በእጅጌያቸው ጠረጉትና «ይኸው፣ አለቀ» አሉ። ሁለት ተርፏል ብዬ ተነሣሁ።

«ቁጭ በይ አንቺ።»

እናቴ ለጉዞው ያሰፋችልኝን ቀሚስ አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተች። ያንን የታጠፈ ቀሚስ እስካሁን ለማንም ይቅር አላልኩም።

ዛሬ ብቸኛ ቁጥሮችን አስተምራለሁ። መምህሩ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ «እሷን ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ» እያሉ መሆኑን ሰማሁ፣ በሽኝታቸው ላይ እንድመሰክርላቸውም ሰው ላኩብኝ። ምስክርነቴ ይህ ነው፣ ቲቸር፤ በተማሪዎችዎ ፊት አነብበዋለሁ። ስለ ቁጥሩ አልጠይቅዎትም፣ እሱን አውቀዋለሁ። ቆመው የሚመልሱልኝ ይህን ብቻ ነው፦ ያንን ሁለት በእጅጌዎ ሲጠርጉት፣ አይተውት ነበር ወይስ አላዩትም?