ከሞጣ ቢቸና የምትመላለሰው ሚሞሪ

እናቴ ሞጣ፣ እኔ ቢቸና ሆነን ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ የምንነጋገረው በሚሞሪ ነበር። ጥፍር የምታህል አንዲት ሚሞሪ ነበረችን። እናቴ የጎረቤቷን ተራ ስልክ ተውሳ ድምፅዋን ትቀዳለች፤ ሚሞሪዋን በወረቀት፣ ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ቢቸና ለሚመጣ ለምታምነው ሰው ትሰጣለች። እኔም ሰምቼ፣ የራሴን ተናግሬ፣ እንደዚያው ጠቅልዬ እመልሳለሁ። መንገዱ ሲዘጋ ሚሞሪዋ ከአንዳችን ዘንድ ትቆያለች፣ ሌላኛችን ደጅ ደጁን ታያለች።

ሚሞሪዋ የጎረቤቷ ስለሆነች መንዙማ ሞልቶባታል። ለእኛ የተረፈችው ቦታ ትንሽ ናት፤ የቀደመው ካልጠፋ አዲሱ አይገባም። የእናቴ ድምፅ እንዲህ እየተደመሰሰ ሲሄድ አንጀቴ አልችል አለ። ገበያው አጠገብ ወዳለው ስልክ ቤት እየወሰድኩ፣ በመጣች ቁጥር ድምፁን ወደ እኔ ስልክ አስገለብጥ ጀመር። ባለሱቁ ድምፅ በሥርዓት የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ጫነልኝ።

«አካውንት ይፈልጋል» አለኝ።

«እኔ ምኑን አውቄው፤ አንተው አውጣልኝ» አልኩት።

አወጣልኝ። በእኛ ከተማ ስልክ የገዛ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አካውንቱን ባለሱቁ ያወጣል፣ ፓስወርዱም እሱ ዘንድ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። እኔ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ማንበብ አያቅተኝም፤ ስልክ ላይ የሚመጣ ጽሑፍ ግን ያስፈራኛል። አንድ ነገር ነክቼ የማጠፋው ስለሚመስለኝ፣ ስልኬን እንደ እንቁላል ነበር የምይዘው።

ኔትወርኩ ተመለሰ። እናቴ ግን እስከዚያ አልቆየችም።

ከተዝካሯ በኋላ አንድ ጠዋት ድምፅዋን ልሰማ ስልኩን ስከፍት ፕሮግራሙ መልኩን ለውጦ አገኘሁት። ራሱን በራሱ አድሷል። የድምፆቹ ስም በተርታ ይታያል፤ ስነካው ግን «ይግቡ» ብሎ ፓስወርድ ይጠይቀኛል። ወዴት ነው የምገባው? ወደ ስልክ ቤቱ ሮጥኩ። ቤቱ ጫማ መሸጫ ሆኗል። ባለሱቁ ደጀን ሄዷል የሚልም አለ፣ አዲስ አበባ ነው የሚልም አለ። ቁጥሩ አይሠራም።

ልጄ በቅርቡ ሞጣ ተመድባ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች። ስልኩን በሻሽ ጠቅልዬ፣ ጡቴ ሥር ሸጉጬ ወደ እሷ ሄድኩ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር በእጄ እደግፈው ነበር።

ልጄ ብዙ ሞከረች። በመጨረሻ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እማ፣ ስልኩን ገዝተሻል። ፕሮግራሙን የሚያዙት ግን የሠሩት ሰዎች ናቸው። ውስጡን ዘግተውታል፤ ድምፁን በምን መንገድ እንዳስቀመጡት ሌላ ሰው እንዲያውቅ አይፈልጉም።»

«የእናቴ ድምፅ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ከጎተራዬ ጤፍ ልወስድ ብዬ ማንን አስፈቅዳለሁ?»

«እዚህ ግን ታስፈቅጃለሽ» አለች፤ ዐይኗ እንባ ሞላ። እሷም የምትፈልገው የአያቷን ድምፅ ነው።

እንባዋን ጠርጋ «ሚሞሪዋስ?» አለችኝ።

ወደ እናቴ ጎረቤት ሄድን። እትዬ እላቸዋለሁ፤ ከእናቴ ጋር በአንድ አጥር የኖሩ ሙስሊም ሴት ናቸው። ሚሞሪዋን ከስልካቸው አውጥተው በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ።

«መንዙማዬን እንዳታጠፉብኝ።»

«አናጠፋም እትዬ» አለች ልጄ።

«አያትሽም እንዲሁ ስትለኝ ነው ግማሹን በወሬዋ ያስበላችው።» ሳቁ፤ ከዚያ በሻርፓቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ።

ልጄ ሚሞሪዋን ላፕቶፗ ላይ ሰካች። መንዙማ ብቻ ነው የሚታየው። ስልኬን መልሼ በሻሹ ልጠቀልል ጀመርኩ።

«ቆይ እማ፤ የተደመሰሰ ነገር ሌላ ካልተጫነበት ከሥር ይኖራል» አለችና አንድ ፕሮግራም ከፈተች።

«ለዚህኛው አካውንት ማን አወጣልሽ?»

«ማንም። አይጠይቅም።»

«ነገ ራሱን አድሶ ቢጠይቅስ?»

«እኔ ካላልኩት አይታደስም። ነፃ ሶፍትዌር ነው የሚባለው። የሠሩት ሰዎች አሠራሩን ሳይደብቁ ነው የሰጡን። የሚችል ከፍቶ ያየዋል፣ ያስተካክለዋል፣ ለሌላ ይሰጣል። የሚያዘው የሚጠቀመው ሰው ነው።»

ሁሉም አልገባኝም። ፈቃድ እንደማይጠይቅ ግን ገባኝ፤ ለእኔ በቂ ነበር።

መጀመሪያ የወጣው የእኔው ድምፅ ነው። «እማዬ፣ መድኃኒቱን ወሰድሽ? በሩን ቀርቅሪ። ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? በሩን እንዳትረሺ።» ሁለተኛውም የእኔ ነው፤ ያው በር፣ ያው መድኃኒት።

«አይ እማ!» አለች ልጄ፣ ሳቋ አመለጣት። እኔ ግን ራሴን መስማት ሰለቸኝ። ቦታውን ሁሉ የያዝኩት እኔ ነኝ እንዴ አልኩ።

ከዚያ እሷ መጣች።

«ልጄ፣ ያንቺን ሰማሁ። መድኃኒቱንም ወስጃለሁ። በሩንም ቀርቅሬያለሁ።»

ከኋላዋ እትዬ፦ «ውሸቷን ነው! ወለል ብሎ ተከፍቷል!»

«ዝም በይ አንቺ!» እናቴ እየሳቀች ነው። ስትስቅ ትንፋሿ ያጥራታል፣ ያ ሁሉ አለበት። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር . . .» አለችና ተቆረጠ። ሌላው ተደምስሷል፤ መንዙማ ተጭኖበታል።

እትዬ አንገታቸውን ደፉ።

ልጄ ያገኘችውን ላፕቶፑ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እጄን ይዛ «አንቺው ገልብጪ» አለችኝ። ወደ ስልኬ ገለበጥኩ፣ ወደ አዲስ ሚሞሪም ገለበጥኩ። አልጠፋም። ደግሜ ገለበጥኩ። እትዬ ደግሞ ሚሞሪያቸውን አቀበሉኝና «ከእኔም ላይ አድርጊልኝ። ቦታ ከጠበበ ከመንዙማው አንዱን አንሺ» አሉ።

ያ የተቆረጠው ነገር ሙሉው የተቆለፈው ፕሮግራም ውስጥ አለ። ያን ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ስለ ጌሾዋ ይመስለኛል፤ ቅጠሉን ማን ይልቀምልኝ ያለች ይመስለኛል። ተራ ነገር ነው። ግን በእሷ አፍ ልሰማው እፈልጋለሁ።

አሁን ሌላ ስልክ አለኝ። የድሮውን ግን ባትሪው እንዳይሞት ቻርጅ እያደረግሁ አስቀምጬዋለሁ። አንዳንዴ እከፍተዋለሁ፤ የድምፆቹ ስም በተርታ ይወጣል። የመጨረሻውን እነካዋለሁ። «ይግቡ» ይለኛል።