በግቢው መሐል የተመታው ችካል

ዳባት ውስጥ፣ ከአውራ ጎዳናው ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ ዘቢደር የምትባል የካህናት ካባ የምትጠልፍ ሴት አለች። ባሏ ገሠሠ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በዚሁ ነው። ሙያውን ማንም አላስተማራትም፤ አሮጌ ካባ እየተረተረች፣ ክሩ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ እያየች ለመደችው። የጥልፍ መኪናዋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ መብራት ከጠፋ እጇን አጣጥፋ መቀመጧ ነው።

የምትኖረው ከባሏ ታላቅ ወንድም ከጋሼ ያርጋል ጋር በአንድ ግቢ ነው። ግቢው የአባት ውርስ ነው፤ ወንድማማቾቹ ሳይካፈሉት ኖሩ። የፊቱ ቤት የጋሼ ያርጋል፣ የጓሮው የዘቢደር ሆነ። ቆጣሪው ግን አንድ ብቻ፣ እሱም በጋሼ ያርጋል ስም፣ በእሳቸው ግድግዳ ላይ ነበር። ከፊት የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲበራ፣ ከጓሮ መኪናው ሲነሣ፣ አልችል ብሎ ይጠፋል።

«ዘቢደር፣ ዛሬም ጨለማ አለበስሽን!» ይላሉ ከደጃቸው ቆመው።

«ምድጃውን አጥፉልኝና እኔ ልጥለፍ!» ትላለች። ይሳሳቃሉ።

ሳቁ ወደ ጠብ ሳይዞር ብላ ለራሷ ቆጣሪ አመለከተች። የመብራት ኃይል ሠራተኞች የመጡት ጋሼ ያርጋል ገብስ ሊሸጡ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ በሄዱበት ቀን ነበር። ምሰሶ የሚቆምበትን ቦታ ለክተው በሁለቱ ቤቶች መሐል አናቱ ቀይ የተቀባ ችካል መትተው ሄዱ። ዘቢደር ሥራ ላይ ነበረችና ነገሬም አላለችው።

በእኛ አገር፣ ባለቤቱ ገበያ በዋለበት ቀን መሬቱ ላይ ችካል የመታ ሰው ምን ፈልጎ ነው ተብሎ አይጠየቅም። ድንበር አበጀ ማለት ነው። ጋሼ ያርጋል ሲገቡ አዩት። ነቅለው ከአጥር ውጭ ወረወሩት። ከዚያ ቆጣሪውን ዘግተው፣ መሰላል አቁመው፣ ወደ ጓሮ የሚሄደውን ሽቦ ሊበጥሱ ወጡ። ዘቢደር መኪናዋ ቀጥ ሲልባት ብቅ አለች።

«በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች።

ጋሼ ያርጋል በሕግ አምላክ ተብለው አልፈው አያውቁም። መሰላሉ ላይ እንዳሉ ቆሙ። ሽቦው ግን ተበጥሷል።

«ይኸው ቆሜያለሁ፤ ልውረድ ወይስ እዚሁ ልደር?» አሉ በቁጣ።

«ውረዱ እንጂ! ቢወድቁ ደግሞ ገፋችኝ ይሉ ይሆናል!»

ዘቢደር የችካሉን መነቀል አላየችም። ባሌ ሲሞት ጊዜ ከግቢው ሊያስወጡኝ ነው ብላ አመነች። እያለቀሰች ወደ ነፍስ አባቷ ወደ መምሬ ወልደ ገብርኤል ሄደች።

«አባቴ፣ ልክሰስ ወይስ ለእግዚአብሔር ልስጠው?»

«ልጄ፣ ዳኛንም የሾመው እሱ ነው። ክሰሺ። ሰላምታ ግን አትከልክያቸው።»

በወረዳው ፍርድ ቤት «ሁከት ይወገድልኝ» ብላ ከሰሰች። እስከ ቀጠሮው ድረስ በየማለዳው «እንደምን አደሩ?» ትላቸዋለች። እሳቸውም ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ስበው «ይመስገን» ይላሉ። ሌላ ቃል የለም። ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ካባ ያዘዛት ደብር ጨርቁን ልውሰድ ብሎ ሲልክባት እንቅልፍ አጣች። ሥራው ከሄደ በዚያ ቤት ልትኖር አትችልም።

በችሎት ዳኛዋ መጀመሪያ ጋሼ ያርጋልን ጠየቀች።

«ሽቦውን የበጠሱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ። አልክድም። የአባቴን ግቢ ለሁለት ከፈለችው።»

«በምን ከፈለችው?»

«በችካል ነዋ!»

«ክሷ ላይ ቆጣሪ ማመልከቷ ተጽፏል፤ የመብራት ምሰሶ ምልክት ይሆናላ።»

«ክብርት ዳኛ፣ በዕድሜዬ ችካል ለመብራት ሲመታ አላየሁም። ችካል ለድንበርና ለከብት ማሰሪያ ነው።»

ችሎቱ ሳቀ። ዘቢደር ግን ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ወይኔ ጋሼ! ድንበር መስሎዎት ነው?»

«ታዲያ ምን ይምሰለኝ?»

«እኔኮ ከቤቴ ሊያስወጡኝ መስሎኝ!»

«የገሠሠን ሚስት? ከገሠሠ ቤት? እግዚኦ!» አሉ ጋሼ ያርጋል።

ዳኛዋ ሁለቱንም አስቀምጣ፣ ቆጣሪ ማስገባት ግቢ መካፈል እንዳልሆነ፣ የማንንም ይዞታ እንደማይጨምርና እንደማይቀንስ በእርጋታ አስረዳቻቸው። ጋሼ ያርጋል አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ ምሰሶው ከግቢው መሐል እንዳይቆም። ዘቢደርም «ከጓሮው አጥር ውጭ፣ በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ በኩል ይቁም» አለች። ዕርቁ ተመዘገበ። የተበጠሰውንም ሽቦ ጋሼ ያርጋል በዚያው ቀን ሊያስቀጥሉ ተስማሙ።

ወደ ቤት የተመለሱት በአንድ ባጃጅ ነው።

«እስከ ቀጠሮው እዚያ መሰላል ላይ ብትተዪኝስ ኖሮ?» አሏት።

«ምሳዎን አቀብልዎት ነበር።»

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምሰሶው ከአጥር ውጭ ቆመ፤ ዘቢደርም የራሷን ቆጣሪ አስገባች። ካባው ለንግሡ ደርሶ በካህኑ ትከሻ ላይ አይቼዋለሁ። ክረምት ሲገባ በሁለቱ ቤቶች መሐል ያለውን መሬት አብረው ድንች ተከሉበት። የማንኛችሁ መደብ የት ላይ ያበቃል ብዬ ብጠይቃት ሳቀችብኝ።

«እኔም አላውቀው። ሲደርስ ቀድሞ የሚቆፍረውን ግን አውቀዋለሁ» አለችኝ፣ በአገጯ ወደ ፊቱ ቤት እየጠቆመች።