ሲስተር አማረች እና የጀማል ወረቀት

ዛሬ ጠዋት ከሁሩታ ተደውሎ «ሲስተር አማረች አረፉ» ሲሉኝ ስልኩን ዘጋሁና መልሼ ደወልኩ። ምናልባት ሌላ ሰው ይሆናሉ ብዬ የአባታቸውን ስም ጠየቅሁ፤ የሠሩበትን ክሊኒክ ጠየቅሁ። ሁሉም ልክ ነው። ይህን እየጻፍኩ እንኳ አላመንኩም።

በደርግ ጊዜ አሰላ የኖራችሁ ታስታውሷቸዋላችሁ። ነጭ ጋዋናቸውን ራሳቸው ተኩሰው የሚለብሱ፣ በሽተኛ ተሰልፎ ሻይ የማይጠጡ ነርስ ነበሩ። ሐኪሙ ወደ ሲሬ በወጣ ቀን የሕክምና ወረቀት የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው።

እኔ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ቀበሌው የእንግሊዝኛ ወረቀት በመጣለት ቁጥር ያስጠራኛል። የሐኪም ወረቀት ሲሆን ግን እንደማንኛውም ሰው እደነግጣለሁ። አንድ ቀን እያፈርኩ ወደ ሲስተር ሄድኩና አስረዱኝ አልኳቸው።

በአሮጌ ካርድ ጀርባ ላይ «ጋስትሮኢንተራይቲስ» ብለው ጻፉና በእርሳስ ሁለት ቦታ ቆረጡት።

«ከጅራቱ ጀምር» አሉኝ። «‹አይቲስ› ካለ አንድ ነገር በግኗል፤ ቀልቶ አብጧል ማለት ነው። ‹ኤክቶሚ› ካለ ተቆርጦ ወጥቷል። ምኑ እንደሆነ ደግሞ ከፊት ያለው ይነግርሃል፤ ‹ጋስትሮ› ጨጓራ፣ ‹ኢንተር› አንጀት። ተቆርጦ ሲታይ የሚያስፈራ ቃል የለም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ለበሽተኛም ለተማሪ ነርስም ይሏት ነበር።

እኔም ደብተር ገዝቼ በረድፍ በረድፍ ጻፍኩ። ‹ሄፓቶ› ጉበት፣ ‹ኔፍሮ› ኩላሊት፣ ‹ራይኖ› አፍንጫ። ክረምቱ ሳይወጣ ደብተሩን ሳላይ ቃሉን መቁረጥ ቻልኩ። ኩራት እንደተሰማኝ አልደብቅም።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ።

ጀማል የሚባል ጋሪ ነጂ ነበር፤ ለእናቱ ለአዴ ሸምሲያ አንድ ልጃቸው። ጉሮሮውን ሲያመው ሲስተር ጋ ሄዶ ወረቀት ተጻፈለት። ያንን ይዞ ቀበሌ በቀረበ ቀን እኔም ሌላ ደብዳቤ ላነብ ተጠርቼ እዚያው ተቀምጫለሁ።

ሊቀመንበሩ ፊደል በፊደል እየተንተባተበ «ክሮኒክ ራይኖፋሪንጃይቲስ» ብሎ አነበበ። ግንባሩን ቋጠረ። «ይሄ ከባድ ነገር ነው፣ ካምፕ ገብቶ ሌላውን እንዳያስይዝብን» አለና ወረቀቱን ከዘመቻው ከሚቀሩት ጋር አስቀመጠው።

እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ግን የተሳሳተ መልስ ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም፤ የመምህር አመል ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ፣ «‹ክሮኒክ› የቆየ ማለት ነው። ‹ራይኖ› አፍንጫ፣ ‹ፋሪንጅ› ጉሮሮ፣ ‹አይቲስ› ብግነት። የቆየ ጉንፋን እንደማለት ነው።»

«ጉንፋንማ እኔም አለብኝ» አለ። ጸሐፊው ሳቀ። ወረቀቱ ወደ ሌላኛው ክምር ሄደ። ጀማል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እሱን እዚያው አስቀሩት፤ የጋሪውን ፈረስ እናቱ እየጎተቱ ወሰዱት።

በሳምንቱ ሲስተር ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። አልተቆጡም። ውሸት እንዳልጻፉ፣ የልጁ ጉሮሮ በእርግጥ ቀልቶ እንደነበር፣ እሳቸው እውነቱን በሙሉ ስሙ መጻፋቸውን ብቻ ነገሩኝ። በዚያ ቀን ቀበሌ ውስጥ ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም ነበር።

ከዚያ ዐይኔን አዩኝ። «መምህር፣ ጠየቁህ ወይስ ራስህ ነገርካቸው?»

«ጠየቁኝ» አልኳቸው።

«ከጠየቁህማ ምን ታደርግ» ብለው ትከሻዬን ነካ አድርገው ሄዱ።

ጀማል ወደ ሰሜን ሄደ፤ አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም። ደርግ የወደቀ ጊዜ አዴ ሸምሲያ በየቀኑ መናኸሪያ ወጥተው ከሚመለሱት ወታደሮች መሐል ይፈልጉት ነበር። እየፈለጉት ሞቱ። ሲስተር ግን አንድም ቀን ፊት አልነሱኝም። የመጀመሪያ ልጄን ያዋለዱልኝ እሳቸው ናቸው።

ሲስተር፣ አልጠየቁኝም ነበር። ወረቀቱ ከሚቀሩት ጋር ተቀምጦ ሳለ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጡረታ ወጥተው ሁሩታ ከገቡ በኋላ ይህን ልነግርዎ ስንት ጊዜ መጥቼ የልጆቼን ወሬ አውርቼ ተመለስኩ።

አሁን ጀማልን ያገኙታል። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ከሱ ከመስማትዎ በፊት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። ደህና ይሁኑ።